የሜክሲኮዎች የሰፈር ሱቅ፦ እህሉ ባሕር ተሻገረ፣ ሙያው ግን ወደ ኋላ ቀረ

በየሰፈራችን ያለውን መኮሌት ብዙ ጊዜ የወተትና የዳቦ መግዣ ብቻ አድርገን እናየዋለን። ከአገሩ ርቆ ለሚኖር ሕዝብ ግን የሰፈር ሱቅ ከዚህ የበለጠ አገልግሎት አለው። የአገር ቤቱ እህልና ቅመም የሚገኘው እዚያ ነው። እንዴት እንደሚዘጋጅም በመጽሐፍ ሳይጻፍ ከአፍ ወደ ጆሮ የሚተላለፈው እዚያው ነው። እህሉ ተገኝቶ ሙያው ቢጠፋ ምን ሊደርስ እንደሚችል ለማሳየት ዛሬ ራቅ አድርገን ወደ አሜሪካ፣ ሎስ አንጀለስ ከተማ ውስጥ ወዳለ የሜክሲኮዎች ሰፈር እንወስዳችኋለን። በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ሰፈሩና ሰዎቹ

ሰፈሩ ቦይል ሃይትስ ይባላል። ከከተማው መሀል በስተ ምሥራቅ፣ ከወንዙ ማዶ ይገኛል። ዛሬ በጎዳናው ላይ ጎልቶ የሚሰማው ቋንቋ ስፓኒሽ ነው። በ1920ዎቹና በ1930ዎቹ ግን እዚህ በአሥር ሺዎች የሚቆጠሩ አይሁዶች ይኖሩ ነበር። ብሩክሊን አቬኑ በተባለው ዋና መንገድ ላይ የኮሸር ሥጋ ቤቶችና ዳቦ ቤቶች ነበሩ፤ ገበያተኛውም በዪዲሽ ይነጋገር ነበር። ከሜክሲኮ፣ ከጃፓንና ከሌሎች አገሮች የመጡ ሰዎችም በአንድነት ይኖሩበት ነበር።

ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ አብዛኞቹ አይሁዶች ወደ ከተማው ምዕራብ፣ ፌርፋክስ ወደሚባለው አካባቢ ተዛወሩ። ሱቃቸውም ተከተላቸው። በ1931 በቦይል ሃይትስ የተከፈተው ካንተርስ የተባለው ምግብ ቤት ዛሬ የሚገኘው በፌርፋክስ ነው። ከዚያው ጎዳና ወደ ደቡብ ዝቅ ብሎ ያለው ክፍል ደግሞ ከ2002 ጀምሮ በከተማው አስተዳደር «ትንሿ ኢትዮጵያ» ተብሎ ተሰይሟል። የቀድሞው ብሩክሊን አቬኑም በ1994 በእርሻ ሠራተኞች መሪ በሴዛር ቻቬዝ ስም ተጠራ። ሕዝብ ቦታ ሲለውጥ ሱቁን ይዞ እንደሚሄድ ይህ ጎዳና ጥሩ ምስክር ነው።

ዘመዶቻችሁ ከሱቁ መደርደሪያ ላይ

እንግዲህ ወደ ሱቁ እንግባ። እንግድነት ቢሰማችሁ አይግረማችሁ፤ ይሁን እንጂ ጥቂት ቆም ብላችሁ ብትመለከቱ የምታውቋቸውን ታገኛላችሁ።

በመጀመሪያ ዓይን የሚስበው በየከረጢቱ የተሞላው የደረቀ በርበሬ ነው። አንዱ ሰፊና ጥቁር ነው፤ አንቾ ይሉታል። ሌላው ረጅምና ቀይ ሲሆን ጉዋሂዮ ይባላል። ቀጭኑና የሚያቃጥለው አርቦል ነው። በርበሬ ለእኛ ከጥንት የነበረ ይመስለናል እንጂ የተገኘው ከአሜሪካ ምድር ነው። ሜክሲኮም ሰዎች በርበሬን ለመጀመሪያ ጊዜ ካለሙባቸው ቦታዎች አንዷ ናት። ወደ እኛ ዘንድ የደረሰው አውሮፓውያን ከ1492 በኋላ ባሕሩን መመላለስ ከጀመሩ ወዲህ ነው። የሜክሲኮ ሴቶችም እንደ እናቶቻችን በርበሬውን ይቀነጥሳሉ፣ ፍሬውን ያራግፋሉ፣ በምጣድ ያምሳሉ። ልዩነቱ ከዚያ በኋላ ነው። እኛ ደርቆ እንዲፈጭ እናደርገዋለን፤ እነሱ ግን በሙቅ ውሃ ዘፍዝፈው ከነእርጥበቱ ይፈጩታል።

ቀጥሎ ከአትክልቱ በኩል «ቱና» የሚል ጽሑፍ ታያላችሁ። በእስራኤል ቱና የቆርቆሮ ዓሣ ነው፤ በሜክሲኮ ግን በትግራይ በለስ የምንለው የቁልቋል ፍሬ ነው። በእስራኤል ጻባር የሚባለው፣ በአገሩ የተወለደውም ልጅ «ሳብራ» ተብሎ የሚጠራበት ተክል ትውልዱ ከሜክሲኮ ነው። በሜክሲኮ ሰንደቅ ዓላማ ላይ ንስሩ የቆመው በዚሁ ቁልቋል ላይ ነው። ሜክሲኮዎች ፍሬውን ብቻ ሳይሆን ሰፊውን ቅጠልም ይበላሉ። ስሙ ኖፓል ነው። ሱቁ ውስጥ እሾሁ በቢላ ተልጦ፣ ተከትፎ በላስቲክ ይሸጣል። ከሽንኩርትና ከእንቁላል ጋር ይጠበሳል።

ቲማቲምና አቮካዶም ስማቸውን ያገኙት ናዋትል ከሚባለው የጥንት ሜክሲኮዎች ቋንቋ ነው።

በቆሎውና ኖራው

የዚህ ሱቅ ልብ ግን ቶርቲያ የሚጋገርበት ቦታ ነው። ቶርቲያ ስስ የበቆሎ ቂጣ ነው። በቆሎን በአገር ቤት ብዙዎቻችን «የባሕር ማሽላ» እንለው ነበር፤ ከባሕር ማዶ መምጣቱን ስሙ ራሱ ይመሰክራል። በእስራኤል ቲራስ ይባላል።

ሜክሲኮዎች በቆሎውን እንዲሁ አይፈጩትም። በመጀመሪያ ለምግብ የሚሆን ኖራ በጨመሩበት ውሃ ይቀቅሉታል። ከዚያ በዚያው ውሃ ውስጥ ያሳድሩታል። በማግስቱ ያጥቡታል፣ ገለባው ይለቃል፣ ከዚያ በኋላ ይፈጫል። በቀድሞው ጊዜ የሚፈጨው በድንጋይ ወፍጮና በመጅ ነበር፤ የሚጋገረውም በሸክላ ምጣድ ነበር። ይህን አሠራር ኒሽታማል ይሉታል። ቃሉ በናዋትል ከአመድና ከሊጥ የተያያዘ ነው፤ በኖራ ፈንታ አመድም ይሠራልና። ከሺህ ዓመታት ጀምሮ ሲሠራበት የኖረ ሙያ ነው።

ኖራው ሊጡን እንዲያያዝና ቂጣው እንዲለሰልስ ያደርጋል። ከዚህ የሚበልጠው ጥቅሙ ግን በዓይን አይታይም። በበቆሎ ውስጥ ኒያሲን የተባለ ቫይታሚን አለ፤ ነገር ግን ታስሮ ስለሚቀመጥ የሰው ሆድ በቀላሉ አያገኘውም። ኖራው ይፈታዋል።

ሙያው ሲቀር የደረሰው ጥፋት

በቆሎው ወደ አውሮፓ ሲሻገር ነጋዴዎቹና ገበሬዎቹ ዘሩን ወሰዱ። የሜክሲኮ ሴቶችን ሙያ ግን ማንም አልጠየቀም። በ18ኛው መቶ ዓመት በስፔንና በሰሜን ጣሊያን ከበቆሎ ሌላ ብዙ የሚበሉት ያልነበራቸው ድሆች ባልታወቀ በሽታ ይሰቃዩ ጀመር። ቆዳቸው ይሻክራል፣ ይቆስላል፤ ተቅማጥ ያስቸግራቸዋል፤ ከዚያም አእምሯቸው ይታወካል፤ ብዙዎቹም ይሞታሉ። ጣሊያኖች ፔላግራ አሉት፤ ሻካራ ቆዳ ማለት ነው።

በ20ኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ በሽታው በአሜሪካ የደቡብ ግዛቶች ተስፋፋ። ከ1906 እስከ 1940 ባለው ጊዜ 3 ሚሊዮን ያህል ሰዎች እንደያዘና 100 ሺህ ያህሉን እንደገደለ ይገመታል። ሐኪሞቹ ተላላፊ ነው ይሉ ነበር።

በ1914 መንግሥት ጉዳዩን እንዲመረምር የላከው ሐኪም ጆሴፍ ጎልድበርገር ነበር። እሱም ዛሬ ስሎቫኪያ በምትባለው አገር የተወለደ፣ በልጅነቱ ከወላጆቹ ጋር ወደ ኒውዮርክ የመጣ አይሁዳዊ ነው። በሕፃናት ማሳደጊያዎች ልጆቹ ሲታመሙ አስታማሚዎቹ እንደማይያዙ አስተዋለ። ለልጆቹ ወተት፣ እንቁላል፣ ሥጋና ባቄላ ሲሰጣቸው በሽታው ጠፋ። በ1915 በሚሲሲፒ በፈቃዳቸው የተስማሙ 11 እስረኞች በበቆሎ ላይ የተመሠረተ ድሃ ምግብ ብቻ ሲመገቡ 6ቱ ታመሙ። አሁንም ያላመኑት ስለ ነበሩ በ1916 ጎልድበርገር የታማሚ ደም በራሱ ላይ አስወጋ፤ ባለቤቱም እንዲሁ አደረገች። ማንም አልታመመም። ጎልድበርገር በ1929 አረፈ፤ የጎደለው ነገር ኒያሲን መሆኑ የታወቀው ከ1937 ጀምሮ ነው።

ይህ ሁሉ ሲሆን በሜክሲኮ መንደሮች ዘመኑን ሙሉ በቆሎ ሲበላ የኖረው ሕዝብ ቶርቲያውን ከባቄላ ጋር እየበላ ከዚህ መቅሠፍት በብዛት ድኗል። ባቄላው በቆሎው የሚጎድለውን ያሟላል፤ እኛ እንጀራን ከሽሮ ጋር እንደምንበላው ማለት ነው። ፊደል ያልቆጠረች ሴት ኒያሲን የሚለውን ቃል ሳትሰማ ቤተሰቧን ጠብቃለች።

ነገሩ አልፎ የቀረ ታሪክ ብቻ አይደለም። በአሜሪካ ከ1998 ጀምሮ በስንዴ ዱቄት ውስጥ ፎሊክ አሲድ እንዲጨመር ግዴታ ሆነ። ይህ ቫይታሚን በእርግዝና መጀመሪያ ላይ ሲያንስ ሕፃኑ የአከርካሪ ወይም የአንጎል ጉዳት ሊደርስበት ይችላል። የቶርቲያ ዱቄት ግን በግዴታው ውስጥ አልገባም። እንዲጨመርበት የተፈቀደው በ2016 ነው። በካሊፎርኒያ ከጃንዋሪ 1 ቀን 2026 ጀምሮ ግዴታ እንዲሆን የደነገገው ሕግ የወጣው በ2024 ነው። ሕግ አውጪዎች ዳቦ በላውን አሰቡ፣ ቶርቲያ በላውን ግን ለብዙ ዓመታት ረሱ። ስለዚህ በሌሎች ግዛቶች የምትገዙ ከሆነ ከከረጢቱ ጀርባ ያለውን ጽሑፍ አንብቡ።

ከሱቁ ጥግ መመገብ

በብዙዎቹ ሱቆች በሥጋ ቤቱ አጠገብ ትንሽ መመገቢያ አለ። ታኮ ማለት ትኩስ ቶርቲያ ላይ የተደረገ ሥጋ ወይም ባቄላ ነው። በላዩ ሽንኩርትና ኩስባራ ይነሰነስበታል፣ ሎሚ ይጨመቅበታል። ቀዩንና አረንጓዴውን ሳልሳ ራሳችሁ ትጨምራላችሁ፤ ዳጣ ለለመደ ሰው አዲስ አይሆንበትም። የሚበላውም በእጅ ነው። ታማል የሚባለው ደግሞ በበቆሎ ልባስ ተጠቅልሎ በእንፋሎት የሚበስል ሊጥ ነው። በደቡብ ሜክሲኮ በሙዝ ቅጠል ይጠቀልሉታል፤ በኮባ የተጋገረ ዳቦ ታስታውሳላችሁ።

በቆመ ብረት ላይ እየዞረ የሚጠበስ ሥጋ ብታዩ ሻዋርማ ይመስላችኋል። አልተሳሳታችሁም። አሠራሩን ወደ ሜክሲኮ የወሰዱት ከሊባኖስና ከአካባቢው የሄዱ ስደተኞች ናቸው። ነገር ግን አል ፓስቶር የሚሉት ይህ ሥጋ የአሳማ ነው። የኮሸር ሕግ የሚጠብቅ አንባቢ ከዚህም በላይ መጠንቀቅ አለበት። ባቄላው ብዙ ጊዜ ማንቴካ በሚባል የአሳማ ስብ ይሠራል፤ የታማሉም ሊጥ እንዲሁ ነው። አይብም ከሥጋ ጋር ይቀርባል። ለእንዲህ ዓይነቱ ሰው ከመመገቢያው ይልቅ መደርደሪያው ይሻለዋል፤ ደረቅ ባቄላ፣ በርበሬና ፍራፍሬ ሞልቷል። የታሸገውን ግን የኮሸር ምልክቱን አይቶ ይግዛ።

ለእኛስ?

ዛሬ የጤፍ ዱቄት በእስራኤልም በአሜሪካም ከሱቅ ይገዛል። የተጋገረ እንጀራም በላስቲክ ታሽጎ ይሸጣል። ይህ መልካም ነገር ነው፤ የደከመችን እናት ያሳርፋል። ነገር ግን እርሾውን ማቆየት፣ አብሲት መጣል፣ ሊጡ መቼ እንደ ደረሰ በሽታው ማወቅ በከረጢት አይሸጥም። ሙያ በልብ ነው ይባላል። በልብ ብቻ ከቀረ ግን ከባለቤቱ ጋር ያልፋል። ሜክሲኮዎቹ ኖራው ለምን እንደሚገባ ሳይንስ እስኪነግራቸው አልጠበቁም፤ ከእናት ወደ ልጅ አስተላለፉት እንጂ።

ስለዚህ ውድ አንባቢያን፣ በሚቀጥለው ጊዜ ከሰፈራችሁ ሱቅ ጤፍ ወይም በርበሬ ስትገዙ ልጆቻችሁን ይዛችሁ ሂዱ። አጠገባችሁ ቆማ የምትገዛ እናት ካለች በርበሬዋን ከምን ከምን ጋር እንደምታስፈጭ ጠይቋት፤ በደስታ ትነግራችኋለች። ልጁም በአማርኛ ይሁን በዕብራይስጥ በደብተሩ ይጻፈው። ለምን እንደዚያ እንደሚደረግ እናቲቱ ባታውቀውም እንኳ ይጻፈው፤ ምክንያቱ ከመቶ ዓመት በኋላ ሊገኝ ይችላልና።