ከዕቁብ በላይ፣ ከባንክ በታች

የቢቸናና የሞጣ አነስተኛ ነጋዴ ድጋፍ ከወዴት ያገኛል?

አዲስ አበባ እህል በረንዳ ላይ ቆሞ የጤፍ ዋጋ የሚጠይቅ ሰው፣ ዋጋው እዚያው የተቆረጠ ይመስለዋል። ነገሩ ግን እንዲያ አይደለም። ከጎጃም የሚገባው ጤፍ ዋጋ የሚጀምረው ገበሬው ከአህያው ጭኖ ወደ ወረዳ ከተማ ባመጣበት የገበያ ቀን፣ አንድ ሰብሳቢ ነጋዴ ኪሱን ዳብሶ «ዛሬ ስንት ኩንታል ልግዛ?» ባለበት ሰዓት ነው። ኪሱ ከሳሳ ጥቂት ይገዛል፤ ገበሬው የቀረውን መልሶ ይጭናል ወይም በወረደ ዋጋ ይለቃል፤ አይሱዙው ሳይሞላ ይቆማል፤ እህል በረንዳም ይወደዳል። ስለዚህ የአነስተኛ ነጋዴ ድጋፍ ጉዳይ የዕርዳታ ወሬ ብቻ ሳይሆን የገበያ ወሬም ነው።

ለዛሬ የመረጥነው መስመር ከደጀን ይነሣል። ዓባይን ተሻግሮ ደጀን የደረሰ መንገደኛ ወደ ደብረ ማርቆስ የሚወስደውን ዋና መንገድ ትቶ ቢገነጠል፣ ቢቸናን፣ ከዚያም ሞጣን አልፎ ባሕር ዳር ይገባል። ቢቸና የእነማይ ወረዳ ከተማ ናት፤ ዙሪያዋ ውኃ የሚይዝ ጥቁር አፈርና ጤፍ ነው። ሞጣ የሁለት እጁ እነሴ ከተማ ስትሆን ከባሕር ዳር 120 ኪሎ ሜትር ያህል ትርቃለች። በሁለቱም ከተሞች እህል ሰብሳቢው፣ ልብስ ሰፊው፣ ወፍጮ ቤቱ፣ ባለ ሱቁና ሻይ ቤት ያላት ሴት አንድ ዓይነት ጥያቄ አላቸው፦ ገንዘብ በሚያስፈልግበት ሳምንት ገንዘብ ከየት ይምጣ?

የመጀመሪያው ባንክ ጎረቤት ነው

የመጀመሪያው መልስ ዕቁብ ነው። ዕቁብ ካርታ አይጠይቅም፤ ዳኛና ጸሐፊ፣ ከዚያም ዋስ ይበቃዋል። ዕቁብተኛው የሚታመነው ቤቱ፣ ዘመዱና ጠባዩ ስለሚታወቅ ነው። እድርም አለ፤ ሞትና ኀዘን ሲመጣ ነጋዴው የሱቁን ገንዘብ ለተዝካርና ለድንኳን እንዳያፈስ ይጠብቀዋል። በዚህ በኩል ሲታይ እድር ራሱ የንግድ ድጋፍ ነው።

ይሁን እንጂ ዕቁብ ልክ አለው። ለስሌት እንዲመቸን አንድ ምሳሌ እንውሰድ። 30 ሰዎች በየሳምንቱ 5,000 ብር ቢጥሉ ዕጣው 150,000 ብር ይሆናል። አንድ ኩንታል ጤፍ 12,000 ብር ነው ብንል፣ ዕጣ የወጣለት ነጋዴ የሚገዛው 12 ኩንታል ተኩል ነው። 50 ኩንታል የሚጭን መኪና ለመሙላት ግን 600,000 ብር ይፈልጋል። እንግዲህ ዕቁቡ ከመኪናው አንድ አራተኛውን ብቻ ሞላ ማለት ነው። ደግሞም ዕጣው የሚወጣው በዕድል እንጂ በመከር አይደለም፤ ጤፍ በሚወቃበት በታኅሣሥ የሚያስፈልገው ገንዘብ ሰኔ ላይ ሊደርሰው ይችላል።

መንግሥት የሠራው መሰላል

ሁለተኛው መልስ የመጣው በ1980ዎቹ መጨረሻ ነው። በ1988 ዓ.ም. የአነስተኛ ፋይናንስ ተቋማትን የሚፈቅደው አዋጅ ቁጥር 40 ወጣ። በአማራ መልሶ ማቋቋምና ልማት ድርጅት ሥር የተጀመረው የብድር ሥራም በ1989 ዓ.ም. ራሱን ችሎ የአማራ ብድርና ቁጠባ ተቋም ተባለ፤ ሕዝቡ የሚያውቀው «አብቁተ» በሚለው ስሙ ነው። አሠራሩ ከዕቁብ ብዙም አይርቅም ነበር፤ ተበዳሪዎች በቡድን ይደራጃሉ፣ አንዱ ለሌላው ዋስ ይሆናል፣ የቀበሌ ሰዎች ማን ሠራተኛ ማን ዋልጌ እንደሆነ ይመሰክራሉ። ባንክ ደጅ ረግጦ ለማያውቅ ሰው ይህ ትልቅ ነገር ነበር። ነገር ግን በመጀመሪያዎቹ ዓመታት ብሔራዊ ባንክ የብድሩን ጣሪያ 5,000 ብር ላይ ወስኖት ነበር። ጣሪያው በኋላ ተነሣ።

በኅዳር 1990 ዓ.ም. ደግሞ የመጀመሪያው የጥቃቅንና አነስተኛ ንግድ ሥራዎች ልማት ስትራቴጂ ወጣ። በ2003 ዓ.ም. ተሻሽሎ ሲወጣ ጥቃቅን የሚባለው እስከ 5 ሰው የሚያሠራ፣ ሀብቱም በኢንዱስትሪ ከ100,000 ብር፣ በአገልግሎት ከ50,000 ብር የማይበልጥ ሆነ። አነስተኛ የሚባለው ከ6 እስከ 30 ሰው የሚያሠራ ሲሆን ሀብቱ በኢንዱስትሪ እስከ 1.5 ሚሊዮን፣ በአገልግሎት እስከ 500,000 ብር ነው። ሥልጠናው፣ ሼዱ፣ የገበያ ትስስሩና ብድሩ በአንድ ማዕከል እንዲሰጥ ታሰበ። በ2009 ዓ.ም. 10 ቢሊዮን ብር የወጣቶች ተዘዋዋሪ ፈንድ ተመደበ።

መሰላሉ መልካም ነው፤ ብዙ ሰውም ወጥቶበታል። ችግሩ በእርከኖቹ መካከል ያለው ርቀት ነው። ድጋፉ በዋናነት የተቀረጸው ሥራ ለሌለውና በማኅበር ለሚደራጅ ሰው ሲሆን፣ ቅድሚያውም ለሚያመርት ነው። አሥር ዓመት በእህል ንግድ የቆየው ሰብሳቢ ወጣት አይደለም፤ ሥራ ፈትም አይደለም፤ ብቻውን እንጂ በማኅበር አልተደራጀም፤ ከሁሉ በላይ ደግሞ «ነጋዴ» ነው። ወደ ንግድ ባንክ ሲሄድ የቤት ካርታ ይጠየቃል። በወረዳ ከተማ ያለ ቤት ሲገመት ባለቤቱ ያፈሰሰበትን ያህል ዋጋ አያወጣም። ሰውዬው ለዕቁቡ ተለቀ፤ ለባንኩ አነሰ። የምጣኔ ሀብት ባለሙያዎች «የተዘነጋው መካከለኛ» የሚሉት እንዲህ ያለውን ነጋዴ ነው።

አብቁተም በ2022 እ.ኤ.አ. ወደ ባንክነት ተለውጦ ጸደይ ባንክ ሆኗል። ባንክ መሆኑ ትልቅ ብድር ለመስጠት አቅም ይጨምርለታል። ይሁንና የቀድሞ ደንበኞቹ የሚጠይቁት ሌላ ነው፤ ባንክ ሲሆን የቡድን ዋስትናውን ይዞ ይዘልቃል ወይስ እሱም እንደ ሌሎቹ ካርታ ይጠይቃል? ለወረዳ ከተማ ነጋዴ ከባንኩ ካፒታል ይልቅ ይህኛው መልስ ይጠቅመዋል።

ለግብር ያነሰ፣ ለብድር አነሰ

አንድ ሌላ ጉዳይ በግልጽ መነገር አለበት። የዚህ አካባቢ ሰው ንብረቱን ሊመዘግብ የመጣን ሹም በጥርጣሬ ያያል። ይህም ታሪክ አለው። በ1960 ዓ.ም. አዲሱ የእርሻ ሥራ ገቢ ግብር ሲታወጅ፣ ጎጃም ውስጥ ገበሬው ካመፀባቸው ዋነኛ ቦታዎች መካከል ሞጣና ቢቸና ይገኙ ነበር። ከዚያ ወዲህም በ2009 ዓ.ም. የደረጃ «ሐ» ነጋዴዎች የቀን ገቢ ግምት ሲወጣ፣ በአማራም በኦሮሚያም ሱቅ እስከ መዝጋት የደረሰ ቅሬታ አስነሥቷል።

ከዚህ የተነሣ ብዙ ነጋዴ ሽያጩን አሳንሶ ያስመዘግባል። ዞሮ ዞሮ የሚጎዳው ራሱ ነው። ብድር ሊጠይቅ ሲሄድ ባንኩ የሚያየው ያንኑ ያነሰ ሽያጭ ነው። በዓመት 5 ሚሊዮን ብር የሚያንቀሳቅስ ሰው 400,000 ብቻ አስመዝግቦ ከሆነ፣ ብድሩ የሚለካው በ400,000 ነው። ድጋፍ ሰጪው ቢሮና ግብር ሰብሳቢው ቢሮ በነጋዴው ዓይን አንድ እስከሆኑ ድረስ ይህ ቋጠሮ አይፈታም። መዝገብ መያዝን ከቅጣት ጋር ሳይሆን ከብድር ጋር አያይዞ የሚያስተምር አንድ ሠራተኛ፣ አሥር ስብሰባ የማይሠራውን ይሠራል።

ወለድ ወይስ መንገድ?

ወደ ስሌታችን እንመለስ። ነጋዴያችን 150,000 ብር ከዕቁብ ይዞ 450,000 ብር ተበደረ እንበል፤ ወለዱም በወር 2 በመቶ ይሁን። ወለዱ በወር 9,000 ብር ነው። ከጫኝና አውራጅ፣ ከጆንያ፣ ከደላላና ከመኪና ኪራይ ወዲያ በኩንታል 200 ብር ቢተርፈው አንድ ጭነት 10,000 ብር ያስገኝለታል። በወር አራት ጊዜ ከተመላለሰ 40,000 አትርፎ፣ ወለዱን ከፍሎ፣ 31,000 ብር ይቀረዋል። በወር አንድ ጊዜ ብቻ ከተመላለሰ ግን የሚቀረው 1,000 ብር ነው። ምንም ካልጫነ 9,000 ብር ከኪሱ ይከፍላል።

ስለዚህ ነጋዴውን የሚያድነውም የሚገድለውም የገንዘቡ መዞር ነው፤ ወለዱ ሁለተኛ ነው። ሐምሌ 28 ቀን 2015 ዓ.ም. በአማራ ክልል የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ታውጆ አሥር ወር ያህል ቆይቷል። አዋጁ ቢያበቃም ግጭቱ አላበቃም። በእነዚያ ዓመታት መንገድ ሲዘጋና የሞባይል ኢንተርኔት ሲቋረጥ፣ ተበድሮ የገዛ ነጋዴ እህሉ መጋዘን ውስጥ ተቀምጦ ወለዱ ይቆጥርበት ነበር። በነሐሴ 2015 ዓ.ም. ደግሞ ብሔራዊ ባንክ የባንኮችን ዓመታዊ የብድር ዕድገት በ14 በመቶ ስለገደበ፣ ባንኮቹ ያላቸውን ጥቂት ብድር ለትልቅ ደንበኛ ቢያዳሉ የሚያስገርም አልነበረም።

መንገድ ገበያ መሆኑን ሞጣ ከሌላው ቀድማ ታውቃለች። ወደ ጎንደር በኩል ዓባይን የሚያሻግረው ጥንታዊው ሰባራ ድልድይ በጣሊያን ወረራ ዘመን ከተሰበረ በኋላ፣ ሰው በገመድ እየተጎተተ ይሻገር ነበር። አንድ አሜሪካዊ የዚህን ፎቶግራፍ በመጽሔት አይቶ የድልድይ በጎ አድራጎት ድርጅት አቋቋመ፤ ስብራቱም በ2002 እ.ኤ.አ. ተጠገነ። ጎርፍ መልሶ ቢወስደውም በ2009 እ.ኤ.አ. ተንጠልጣይ ድልድይ ተሠራለት። ለነጋዴ ድጋፍ ማለት አንዳንዴ እንዲህ ነው፤ ብድርም ሥልጠናም ሳይሆን መሻገሪያ።

ሱቅ ሲቃጠል

ታኅሣሥ 10 ቀን 2012 ዓ.ም. ሞጣ ላይ የደረሰውን አንባቢ አይረሳውም። መስጊዶች ተቃጠሉ፤ የሙስሊም ነጋዴዎች ሱቆች ተዘረፉ፣ ወደሙ። ድርጊቱ በመላ አገሪቱ ተወገዘ፤ ከአገር ውስጥም ከውጭም ገንዘብ ተዋጣ። ሕዝብ ለሕዝብ ያደረገው ይህ መዋጮ ሊመሰገን ይገባዋል። መዋጮ ግን እንባ ያብሳል እንጂ የየሱቁን ዕቃ በልኩ አይተካም፤ የተቃጠለ የዱቤ መዝገብም መልሶ አይጽፍም።

እዚህ ላይ በሌላ ከተማ ያለ ነጋዴም ልብ ሊለው የሚገባ ነገር አለ። ተራ የእሳት መድን ብዙውን ጊዜ በረብሻ ለተነሣ ቃጠሎ አይከፍልም፤ ረብሻና ሁከት በተጨማሪ አረቦን ለብቻ ይገባሉ። ውሉን ሳያነቡ «መድን አለኝ» ማለት በጨለማ እንደመቁጠር ነው። የዱቤ መዝገብንም በሁለት ቅጂ ይዞ አንዱን ከሱቅ ውጭ ማስቀመጥ ብዙ ወጪ የለውም። በወለድ መበደር ለማይፈቅድ ነጋዴ ደግሞ ከወለድ ነፃ የባንክ አገልግሎት በመደበኛ ባንኮች መስኮትም፣ ከ2013 ዓ.ም. ወዲህ ሙሉ በሙሉ በዚሁ በሚሠሩ ባንኮችም ይገኛል።

ታዲያ ምን ይደረግ?

አንደኛ፣ ብድር የመከርን ቀን ይከተል። በኅዳር ተፈቅዶ በመጋቢት የሚመለስ የአራት ወር ብድር፣ ከዓመት ብድር ይልቅ እህል ሰብሳቢን ይጠቅማል። ማመልከቻው ሁለት ወር ጠረጴዛ ላይ ከተቀመጠ ወቅቱ አለፈ ማለት ነው።

ሁለተኛ፣ ሕጉ ይሠራበት። የተንቀሳቃሽ ንብረት ዋስትና አዋጅ ቁጥር 1147/2011 እህልን፣ ከብትን፣ የሱቅ ዕቃንና ተሰብሳቢ ሒሳብን በመያዣነት ያውቃል። መጋዘን ውስጥ 100 ኩንታል ጤፍ ያለው ሰው «መያዣ የለህም» ሊባል አይገባውም። ነጋዴው መብቱን፣ የቅርንጫፍ ሥራ አስኪያጁም አዋጁን ይወቅ።

ሦስተኛ፣ ዕቁብተኞች አንድ እርምጃ ይሂዱ። የሚተማመኑ 30 ነጋዴዎች በገንዘብ ቁጠባና ብድር ኅብረት ሥራ ማኅበር ቢደራጁ፣ ገንዘባቸው ዕጣ ሳይጠብቅ ለቸገረው ይደርሳል፤ ሕጋዊ ሰውነትም ያገኛል።

አራተኛው ለእናንተ ለአዲስ አበባ ገዢዎችና ደላሎች ነው። ለታመነ ሰብሳቢ በጽሑፍ ውል የሚሰጥ ቅድሚያ ክፍያ ከማንኛውም ቢሮ ድጋፍ ይፈጥናል። የሰብሳቢው ኪስ ሲሞላ የእናንተም መኪና ይሞላል። በኩንታል ጥቂት ብር ለማስቀነስ ሲከራከሩ ከመዋል፣ ሰብሳቢው በወር አራት ጊዜ እንዲመላለስ ማገዝ ይሻላል። ስሌቱን ከላይ አይታችሁታል።