አረንጓዴው ድንጋይና ሰዎቹ

ሳውዝ ሲ በደቡብ ናይሮቢ፣ በዊልሰን አውሮፕላን ማረፊያና በሞምባሳ መንገድ መካከል ያለ የመኖሪያ ሰፈር ነው። ማዕድን አይቆፈርበትም። ነገር ግን በሰፈሩ ፖፖ መንገድ ላይ የኬንያ ብሔራዊ የአካባቢ ጥበቃ ባለሥልጣን ዋና መሥሪያ ቤት ይገኛል፤ በአገሪቱ ሕግ መሠረት ማዕድን ማውጣት የሚፈልግ ድርጅት ሥራው የሚያስከትለውን ጉዳት አስጠንቶ የዚህን ባለሥልጣን ይሁንታ ማግኘት አለበት። በሰፈሩ ጥግ የሚያልፈውን የሞምባሳ መንገድ ይዞ ወደ ደቡብ ምሥራቅ ከ300 ኪሎ ሜትር በላይ የተጓዘ ደግሞ ቮይ ከተማ ይደርሳል። ወረቀቱ እዚህ ነው፣ ጉድጓዱ እዚያ። የጻቮ ማዕድን አውጪዎች ታሪክ የተጻፈው በእነዚህ በሁለቱ መካከል ነው።

በቮይ ዙሪያ ያለው የታይታ ታቬታ ምድር ደረቅና ቁጥቋጦ የበዛበት ነው። ከጻቮ ብሔራዊ ፓርክ ጋር ስለሚዋሰን ዝሆንና አንበሳ ይመላለስበታል። ጻቮራይት የሚባለው አረንጓዴ ድንጋይ የሚወጣው ከዚህ አካባቢ ነው። ድንጋዩ የጋርኔት ወገን ሲሆን አረንጓዴ ቀለሙን የሚሰጡት ቫናዲየምና ክሮሚየም ናቸው። እንደ ብዙዎቹ የከበሩ ድንጋዮች ውበቱ እንዲጎላ በእሳት አይታከምም፤ ተቆርጦና ተወልውሎ ብቻ ለገበያ ይቀርባል። በምድር ውስጥ ሳለ የመሰነጣጠቅ ጠባይ ስላለው ጥራቱን የጠበቀና ከጥቂት ካራት በላይ የሚመዝን ማግኘት ብርቅ ነው።

ይህን ድንጋይ ለዓለም ገበያ ያስተዋወቀው ካምቤል ብሪጅስ የሚባል የሥነ ምድር ባለሙያ ነው። እ.ኤ.አ. በ1937 በስኮትላንድ ተወልዶ ያደገው በአፍሪካ ነበር። በ1967 በሰሜን ታንዛኒያ ኮሞሎ በተባለ መንደር አጠገብ አረንጓዴውን ድንጋይ አገኘ፤ ይሁን እንጂ ድንጋዩን ከአገር የሚያስወጣበት ፈቃድ አልተሰጠውም። ብሪጅስ ተስፋ ቆርጦ አልተወውም። ማዕድኑን ያዘለው የድንጋይ ንጣፍ የፖለቲካ ድንበር ስለማያውቅ ወደ ኬንያ መዝለቁ አይቀርም ብሎ አሰበ። ግምቱ ትክክል ነበር፤ በ1970ዎቹ መጀመሪያ በታይታ ታቬታ ተመሳሳዩን ድንጋይ አገኘ። በ1974 የኒው ዮርኩ ጌጣጌጥ ቤት የቲፋኒ ኃላፊ ሄንሪ ፕላት ድንጋዩን በጻቮ ፓርክ ስም ጻቮራይት አለው።

ብሪጅስ በመጀመሪያዎቹ ዓመታት ይኖር የነበረው አውሬ እንዳያገኘው ዛፍ ላይ በሠራው ጎጆ ነበር። ድንጋዮቹን ሌባ እንዳይነካቸውም ዘንዶ አስጠብቆ ነበር ይባላል።

ጉድጓዶቹ እየበዙ ሲሄዱ ግን ፈቃድ ያላቸውና የሌላቸው ቆፋሪዎች ተጋጩ። ብሪጅስ ለዓመታት ዛቻ ሲደርስበት ቆይቶ ነሐሴ 11 ቀን 2009 እንደ አውሮፓ አቆጣጠር፣ ከልጁ ብሩስና ከኬንያውያን ሠራተኞቹ ጋር በመኪና ወደ ካምፑ ሲመለስ መንገድ ላይ ዱላ፣ ጦርና ገጀራ የያዙ ሰዎች አደፈጡበት። በደረሰበት ጉዳት በ71 ዓመቱ ሞተ። በ2014 የኬንያ ፍርድ ቤት አራት ሰዎችን ጥፋተኛ ናቸው ብሎ ፈረደባቸው። ይህ ታሪክ በውጭ አገር ሲወራ ጎልቶ የሚወጣው ነጩ ሟች ነው። በዚያች መኪና አብረውት የነበሩት ሠራተኞች ግን በአብዛኛው ስማቸው እንኳ አይነሣም፤ ይህ ትልቅ ጉድለት ነው።

በዚያው አካባቢ የወጣው ሩቢም ታሪኩ ከዚህ ይቀራረባል። ጆን ሶልና ቲም ሚለር የተባሉ አሜሪካውያን የሥነ ምድር ባለሙያዎች በ1973 ጻቮ ምዕራብ ውስጥ ማንጋሬ በተባለ ቦታ ሩቢ አገኙ። በሚቀጥለው ዓመት ሶል ከኬንያ ተባረረ፤ ማዕድኑም ለሥልጣን ቅርብ በሆኑ ሰዎች እጅ ገባ። ጉድጓዱ ግን እስከ ዛሬ የጆን ሶል ማዕድን እየተባለ ይጠራል። ስሙን ወስዶ ሰውየውን ያባረረ ማዕድን ነው።

ድንበር ተሻግሮ በኪሊማንጃሮ ግርጌ ወደምትገኘው ሜረራኒ ስንሄድ ደግሞ የባለቤትነት ጥያቄው በሌላ መልክ ይመጣል። ሰማያዊው ታንዛናይት በ1967 እንደተገኘ የመጀመሪያውን ይዞታ ያስመዘገበው ማኑዌል ደሱዛ የተባለ ልብስ ሰፊ ነበር። ጁማኔ ንጎማ የተባለ ታንዛኒያዊ ግን ድንጋዩን ቀድሞ ያገኘው እሱ መሆኑን ለብዙ ዓመታት ሲናገር ኖረ። በ2018 የወቅቱ የታንዛኒያ ፕሬዚዳንት ማጉፉሊ በሕዝብ ፊት እውቅና ሰጥተው የ100 ሚሊዮን የታንዛኒያ ሺልንግ ሽልማት ሰጡት። ከግኝቱ ግማሽ ምዕተ ዓመት አልፎ ነበር፤ በሚቀጥለው ዓመት አረፈ።

የማዕድን መንደር የሚታነጸው ግን በግኝት ብቻ አይደለም። በሜረራኒ በጠባቡ ጉድጓድ እንደ እባብ እየተሳቡ የሚገቡ ልጆች የእባብ ልጆች ይባሉ ነበር። በ1998 በኤልኒኞ ዝናብ የመጣው ጎርፍ ጉድጓዶቹን ሞልቶ ብዙ ሰዎችን ቀጠፈ። የእኛ አገር አንባቢ ይህን ለመገመት ሩቅ መሄድ የለበትም፤ በደቡብ ወሎ ደላንታ፣ ወገል ጤና አጠገብ እ.ኤ.አ. በ2008 ኦፓል ከተገኘ ወዲህ ገበሬው ገደሉን እየቦረቦረ ድንጋይ ያወጣል፤ ናዳውም የዚያ ሥራ ጓደኛ ነው።

ኬንያ በ2016 ያወጣችው የማዕድን ሕግ ለአነስተኛ ቆፋሪዎች የፈቃድ ሥርዓት ዘረጋ። ከማዕድን የሚገኘውን የሮያሊቲ ክፍያም 70 በመቶ ለማዕከላዊው መንግሥት፣ 20 በመቶ ለካውንቲው፣ 10 በመቶ ማዕድኑ ለሚወጣበት ማኅበረሰብ መደበ። ለቆፋሪዎች ሕጋዊ እውቅና መስጠቱ ቀላል እርምጃ አይደለም። ለታይታ መንደሮች ግን ቁም ነገሩ ያቺ አሥር በመቶ በእጃቸው መግባቷ ነው።

በሰኔ 2020 ሳኒኒኡ ላይዘር የተባለ የሜረራኒ ማሳይ በአነስተኛ ፈቃድ ቆፍሮ ያወጣቸውን 9.27 እና 5.1 ኪሎ ግራም የሚመዝኑ ሁለት ታንዛናይቶች ለመንግሥት በ7.74 ቢሊዮን የታንዛኒያ ሺልንግ ሸጠ። በገንዘቡ ምን እንደሚያደርግ ሲጠየቅ የገበያ ማዕከልና ከቤቱ አጠገብ ትምህርት ቤት እንደሚሠራ ተናገረ። ሁለት ወር ሳይሞላ 6.3 ኪሎ ግራም የሚመዝን ሦስተኛ ድንጋይ ይዞ መጣ።