የርቀት ኮምፒውተሮች የስክሪፕት ማስኬጃ ፈቃድ፦ ገደቡ እስከ የት ነው?

የማይክሮሶፍት ፓወርሼል የስክሪፕት ፋይሎች በምን ሁኔታ እንደሚሠሩ የሚወስን የማስኬጃ ፖሊሲ አለው። በዊንዶውስ የግል ኮምፒውተሮች ላይ መነሻው ፖሊሲ ማናቸውንም የስክሪፕት ፋይል ይከለክላል።

አስተዳዳሪው በርቀት ትእዛዝ ልኮ ፖሊሲውን በብዙ ኮምፒውተሮች ላይ ሊለውጥ ይችላል። ሆኖም በግሩፕ ፖሊሲ የተደነገገው ስለሚበልጥ፣ በየማሽኑ የተደረገው ለውጥ ይመዘገባል እንጂ ሥራ ላይ አይውልም።

ብዙ ጊዜም ለውጡ ራሱ አስፈላጊ አይደለም። በአስተዳዳሪው ኮምፒውተር ያለ ስክሪፕት ይዘቱ በትእዛዝ መልክ ሲላክ የተቀባዩ ማሽን ክልከላ አያግደውም፤ ፖሊሲው የሚቆጣጠረው ፋይልን ነውና። ማይክሮሶፍትም ፖሊሲውን ከስሕተት መጠበቂያ እንጂ የደኅንነት ድንበር አድርጎ አያቀርበውም። ስለሆነም ክልከላውን ማላላት አያስቸኩልም፤ ማጥበቁም ብቻውን አይከላከልም። ጥበቃው የሚጸናው በርቀት የመግባት መብት ለማን እንደተሰጠ በመቆጣጠር ነው።