የነፋስ ብሩሽ
ኤርብራሽ እንዴት እንደሚሠራ ለጀማሪዎች

አንባቢ ሆይ፤ በጉለሌ ካሉት ጋራዦች በአንዱ ደጃፍ ሲያልፉ፣ ዝገቱ ተፍቆ፣ ስቱኮ ተለስኖ፣ በብርጭቆ ወረቀት የተፈተገ ሚኒባስ ቆሞ ሳያዩ አልቀሩም። ሠራተኛው የቀለም መርጫውን ይዞ ከወዲያ ወዲህ ሲመላለስበት፣ ቆርቆሮው የብሩሽ ዱካ የሌለበት ሰማያዊና ነጭ ልብስ ይለብሳል። ይህ መርጫ ታናሽ ወንድም አለው። መጠኑ ከብዕር እምብዛም የማይበልጥ፣ እንደ ብዕርም በጣት የሚያዝ ሲሆን፣ ስሙ ኤርብራሽ ወይም የነፋስ ብሩሽ ይባላል። ታላቁ መኪና ሲቀባ ታናሹ የፊትን ጥላ፣ የማስታወቂያ ፊደልን፣ የሸሚዝ ሥዕልን ይሠራል።

ተማሪም ይሁኑ የመንግሥት ሠራተኛ፣ ከትምህርትና ከቢሮ በኋላ እጅዎን ከአንድ ሙያ ጋር ለማለማመድ ቢያስቡ፣ ገንዘብ ከማውጣትዎ በፊት የዚህን መሣሪያ ጠባይ ቢያውቁ ይበጅዎታል። ጀማሪ መሣሪያውን ገዝቶ ወዲያው ጥግ የሚጥለው አብዛኛውን ጊዜ እጁ ሰንፎ ሳይሆን፣ የነፋሱንና የቀለሙን ነገር ሳያጠና ስለ ጀመረ ነው።

ከየት መጣ?

በ1879 እ.ኤ.አ. አብነር ፒለር የተባለ አሜሪካዊ በአዮዋ ግዛት ቀለምን በነፋስ የሚያሰራጭ መሣሪያ ሠራ። ሊበርቲ ዎከፕ የተባለ ሌላ ሰው ፈጠራውን ገዝቶ አሻሽሎ ለገበያ አቀረበው። በ1893 እ.ኤ.አ. ደግሞ ቻርልስ በርዲክ ነፋሱና ቀለሙ በመሣሪያው ጫፍ ውስጥ የሚገናኙበትን ዓይነት አወጣ፤ የዛሬዎቹም በብዛት የዚያ ዘሮች ናቸው። የመጀመሪያው ትልቅ ሥራው የፎቶግራፍ ማረሚያ መሆን ነበር፤ የደበዘዘ ፊት ይገለጽበት፣ የተበላሸ ጀርባ ይሸፈንበት ነበር።

ቀለሙ እንዴት ይወጣል?

በእጅ እየተገፋ ለትንኝና ለዝንብ የሚረጨውን የፍሊት መርጫ ያስቡ። ነፋሱ ከጣሳው በሚመጣው ቀጭን ቧንቧ አፍ ላይ ፈጥኖ ሲያልፍ በዚያ ስፍራ ግፊቱ ዝቅ ይላል። በጣሳው ውስጥ ባለው ፈሳሽ ላይ የሚጫነው አየር ግን እንደ ወትሮው ስለሆነ ፈሳሹን ወደ ላይ ይገፋዋል፤ የወጣውንም ነፋሱ በትኖ ጉም ያደርገዋል። ኤርብራሽም በዚሁ መንገድ ይሠራል። ልዩነቱ በመካከሉ ሹል መርፌ መኖሩ ነው። መርፌው ወደ ፊት ሲሄድ አፉን ይደፍናል፤ ወደ ኋላ ሲሳብ ጥቂት በጥቂት ይከፍተዋል። የአፉ ቀዳዳ ብዙውን ጊዜ ከ0.2 እስከ 0.5 ሚሊሜትር ነው፤ የመኪናው መርጫ ግን ከ1 ሚሊሜትር ያልፋል።

መሣሪያው ሁለት ዓይነት ነው። በአንደኛው ቁልፉ ሲጫኑት ነፋስ ብቻ ያዛል፤ የቀለሙ መጠን አስቀድሞ በብሎን ይወሰናል። በሁለተኛው ግን ቁልፉ ወደ ታች ሲጫኑት ነፋስ፣ ወደ ኋላ ሲስቡት ቀለም ይሰጣል። ይህ መጀመሪያ ያስቸግራል፤ ነገር ግን የሽሮ ሜዳን ሸማኔ ይመልከቱ። እጁ መወርወሪያውን ሲወረውር እግሩ መርገጫውን ይረግጣል፤ ሁለቱም ሳይጠባበቁ አይሠሩም። አንድ ጣትም ሁለቱን ሥራ እንዲሁ በልምምድ ይለምዳል። ሥዕል ለመሥራት የሚፈልግ ሰው ከመጀመሪያው ይህን ሁለተኛውን ቢይዝ ይሻለዋል።

የእንጦጦ ሥር አየር

ከውጭ አገር በመጡ መመሪያዎች ላይ የማይገኝ አንድ ነገር አለ። ጉለሌ ከባሕር ወለል በላይ 2,500 ሜትር ገደማ ላይ ስለሚገኝ፣ አየሩ የሚጫነው በባሕር ዳርቻ ካለው ሦስት አራተኛ ያህሉን ብቻ ነው። ኮምፕሬሰር በአንድ ምት የሚስበው አየር በዚያው ልክ ስለሚያንስ፣ ገንዳውን ለመሙላት አንድ ሦስተኛ ያህል ተጨማሪ ጊዜ ይፈጅበታል። ስለዚህ ሲገዙ ከሚያስፈልግዎ ትንሽ ከፍ ያለ ይምረጡ።

ሁለተኛም በበጋ አየሩ ደረቅና ስስ ስለሆነ ቀለሙ በመርፌው ጫፍ ላይ ፈጥኖ ይደርቃል፤ ጫፉን ደጋግሞ መጥረግ ያስፈልጋል። በክረምት ደግሞ ነገሩ ይገለበጣል። እርጥብ አየር ሲታመቅ ውሃ ይቋጥራል፤ ያ ውሃ ከቀለሙ ጋር ቢወጣ ሥራዎን ነጠብጣብ ያደርግብዎታል። በቱቦው ላይ የውሃ ማጥመጃ ያድርጉ፤ የገንዳውንም ውሃ በየቀኑ ያፍስሱ።

ነፋሱን ከየት ያገኙታል? የሰፈርዎ ጎሚስታ ኮምፕሬሰር ኀይሉ እጅግ የበዛ ነው። ኤርብራሽ ከ1 እስከ 2 ባር ይበቃዋል፤ ስለዚህ ያለ ግፊት መቀነሻ አይሞክሩት። ከምናለሽ ተራ የፍሪጅ ሞተር ገዝተው ኮምፕሬሰር የሚያሠሩም አሉ፤ ድምፁ ዝቅተኛ ነው። ነገር ግን ግፊት ማስተንፈሻ የሌለው ወይም በዘፈቀደ የተበየደ ገንዳ እንደ ቦምብ ሊፈነዳ ይችላልና ከዚህ ይጠንቀቁ።

የመጀመሪያው ሳምንት

በውሃ የሚቀጥን ቀለም ይያዙ፤ እንደ ወተት እስኪሆን ያቅጥኑት። ሥዕል አይጀምሩ፤ በአሮጌ ጋዜጣ ላይ በመጀመሪያ ነጥብ፣ ቀጥሎ መስመር፣ ከዚያም ከጥቁር ወደ ነጭ ቀስ እያለ የሚሳሳ ጥላ ይሥሩ። ወደ ወረቀቱ ሲቀርቡ መስመሩ ይቀጥናል፤ ሲርቁ ይሰፋል። ምንጊዜም ነፋሱን አስቀድመው ቀለሙን ያስከትሉ፤ ሲጨርሱም ቀለሙን አስቀድመው ይዝጉ። ቀለሙ እንደ ሸረሪት እግር ቢበታተን በጣም ቀጥኗል ወይም በጣም ቀርበዋል፤ ቢተፋ ደግሞ ወፍሯል ወይም አፉ ቆሽሿል። ቀለም በለወጡ ቁጥር ይጠቡት። የመርፌው ጫፍ አንዴ ከታጠፈ መስመርዎ ሁሉ ይጣመማል።

ሳንባዎን ያስቡ

ጉሙ ከወረቀቱ የተረፈው ወደ አፍንጫ ይሄዳል። በፊት ላይ የታሰረ ሻሽ ወይም ተራ የጨርቅ ጭንብል የቀለም ማቅጠኛን ትነት አያስቀርም፤ ለዚህ ከሰል ያለበት ማጣሪያ ያስፈልጋል። ከማጠንከሪያ ጋር የሚደባለቀው የመኪና ቀለም አይሶሳያኔት የተባለ ንጥረ ነገር ስላለበት የማይድን አስም ሊያመጣ ይችላል፤ ጀማሪ በቤቱ ፈጽሞ አይንካው። ደማቅ ቢጫና ብርቱካን ቀለም እርሳስ ሊኖርበት ይችላል። በ2018 እ.ኤ.አ. የወጣው ደንብ ቁጥር 429 በቀለም ውስጥ የሚፈቀደውን እርሳስ ከአንድ ሚሊዮን እጅ በ90 እጅ ወስኖታል፤ ጣሳው ላይ ምንም ያልተጻፈበትን ግን ማን ያውቀዋል? ወንድምና እህት በሚተኙበት ክፍል ውስጥ አይርጩ፤ መስኮት ከፍተው ወይም ደጅ ወጥተው ይሥሩ።

በመጨረሻም ኤርብራሽ ጥላን ያለሰልሳል እንጂ ሥዕል አያስተምርም። አርቲስት አለ ፈለገ ሰላም በ1950 ዓ.ም. በአዲስ አበባ የሥነ ጥበብ ትምህርት ቤት ሲያቋቁሙ፣ ተማሪ ዐይኑን በእርሳስና በወረቀት የሚያሠለጥንበት ስፍራ አገኘ። እርስዎም አንድ እንቁላል በመስኮት ብርሃን አጠገብ አኑረው በእርሳስ ይሣሉት። ጥላው ከየት ጀምሮ የት እንደሚያልቅ ዐይንዎ ሲለየው፣ ያን ጊዜ የነፋሱን ብሩሽ ያንሡ።