ዶክተር ቻርልስ ዌስትን እናስታውሳቸው

ውድ ወገኖቼ፣ ላስ ቬጋስ ሆቴል የምትሠሩም ሆናችሁ ታክሲ የምትነዱ፣ የዶክተር ቻርልስ ዌስትን ስም ሰምታችሁ ታውቃላችሁ? እኔም የዩኒቨርሲቲ መምህር የነበርኩት ሰው ስደት እዚህ እስኪጥለኝ ድረስ አላውቃቸውም ነበር።

እ.ኤ.አ. በ1954 ሲመጡ በከተማዋ የመጀመሪያው ጥቁር ሐኪም ሆኑ። ያኔ በትልልቆቹ ሆቴሎች መድረክ የሚዘፍን ጥቁር እንኳ እዚያው ማደር አይፈቀድለትም፤ ወደ ዌስትሳይድ ሰፈር ይመለሳል። ዌስት በሽተኛ በማከም ብቻ አልተወሰኑም፤ ለወገናቸው መብት ታገሉ፣ «ቮይስ» የተባለ ጋዜጣም አቋቋሙ። የትግል ጓዳቸው የጥርስ ሐኪሙ ዶክተር ጄምስ ማክሚላን ሰልፍ እንጠራለን ብለው ሲያስጠነቅቁ፣ ባለሆቴሎቹ ማርች 26 ቀን 1960 በተደረሰው የሙላን ሩዥ ስምምነት በራቸውን ለጥቁር እንግዳ ከፈቱ። (ለጽድቅ ሳይሆን ለገበያቸው ፈርተው ነው!)

ካውንቲው በ2023 «ትንሿ ኢትዮጵያ» ብሎ በሰየመልን ሰፈር ስንሰበሰብ፣ የእኚህን ሐኪም ስም ለልጆቻችን እንንገራቸው።