ኔትወርክ ሲቆረጥ ስራችሁ ለምን አብሮ ይሞታል?

የዛሬው ለኮምፒውተር ተማሪዎቻችን ነው።

ደካም ሁኑ ቦንጋ ከተማ፣ ሩቅ ካለ የሊኑክስ ሰርቨር ጋር ተገናኝታችሁ ሶስት ሰዓት የሚፈጅ ስራ አስጀመራችሁ እንበል። ሁለት ሰዓት ተኩል ላይ ኔትወርክ ጠፋ። ተመልሳችሁ ስትገቡ ስራው የለም። ሰርቨሩ ግን አልጠፋም። ታዲያ ስራውን ምን ገደለው?

ትዕዛዝ ስትጽፉ የሚቀበላችሁ ፕሮግራም ሼል ይባላል። ሼሉ ለትዕዛዛችሁ አዲስ ፕሮሰስ ይፈጥራል፤ እሱ ወላጅ፣ አዲሱ ልጅ ይሆናል። እያንዳንዱ ፕሮሰስ ፒአይዲ የሚባል መለያ ቁጥር አለው።

ግንኙነቱ ሲቋረጥ ሼሉ «ሃንግ አፕ» የሚባል ሲግናል (ቁጥር 1) ይደርሰዋል፣ ለልጆቹም ያስተላልፋል። ያልተዘጋጀ ፕሮሰስ እዚያው ይሞታል። ስሙ «ስልኩ ተዘጋ» እንደማለት ነው፤ ሰው በስልክ መስመርና በሞደም ከኮምፒውተር ጋር ይገናኝ ከነበረበት ዘመን የቀረ ነው።

ምን ይደረግ?

1. ከትዕዛዙ መጨረሻ & ጨምሩ። ጀበና ጥዶ ስኒ እንደማጠብ ነው፦ ስራው ከኋላ ይሄዳል፣ እናንተ ሌላ ትዕዛዝ ትጽፋላችሁ። ይህ ብቻውን ግን ከመስመር መቆረጥ አያድንም።

2. ከትዕዛዙ በፊት «ኖሃፕ» (ኤን፣ ኦ፣ ኤች፣ ዩ፣ ፒ) ጻፉ፣ መጨረሻው ላይ & ጨምሩ። ፕሮሰሱ ያንን ሲግናል እንዳልሰማ ያልፈዋል። በስክሪን ላይ ይወጣ የነበረው ጽሁፍም ፋይል ውስጥ ይቀመጥላችኋል።

3. ረስታችሁ ጀምራችሁ ከሆነም አትደንግጡ። ኮንትሮልና ዜድ ተጫኑ፣ ስራው ይቆማል። «ቢጂ» (ቢ፣ ጂ) ስትሉ ከኋላ ይቀጥላል። ባሽ በሚባለው ሼል «ዲስኦውን» (ዲ፣ አይ፣ ኤስ፣ ኦ፣ ደብልዩ፣ ኤን) ካላችሁ ደግሞ ሼሉ ሲግናሉን ለዚያ ልጅ አያስተላልፍም።

ተመልሳችሁ ስትገቡ አዲስ ሼል ስለሚከፈትላችሁ የድሮው ስራ በስራ ዝርዝሩ ላይ አይታይም። ጠፋ ብላችሁ ድጋሚ እንዳታስጀምሩት! «ፒኤስ» (ፒ፣ ኤስ) ከሚለው ትዕዛዝ ቀጥሎ ክፍት ቦታ ትታችሁ ሰረዝ፣ ኢ እና ኤፍ ጻፉ፤ ፒአይዲውን ታገኙታላችሁ።

ማስቆም ከፈለጋችሁ «ኪል» (ኬ፣ አይ፣ ኤል፣ ኤል) ብላችሁ ቁጥሩን አስከትሉ። ይህ ሲግናል 15ን ይልካል፤ ፕሮግራሙ ፋይሉን ዘግቶ በስርዓት እንዲወጣ ዕድል ይሰጠዋል። ብዙ ሰው የሚቸኩልበት ሲግናል 9 ግን ምንም ጊዜ አይሰጥም፤ እየተጻፈ የነበረ ፋይል ሊበላሽ ይችላል። እምቢ ሲል ብቻ ተጠቀሙበት።

አንድ ነገር እንዳትረሱ፦ ኖሃፕ የሚያድነው ከመስመር መቆረጥ ነው። ስራው ያለበት ማሽን ራሱ መብራት ከሄደበት አያድንም። ስለዚህ ረጅም ስራ ውጤቱን በየመሃሉ ሴቭ እንዲያደርግ አድርጋችሁ ጻፉት።

ጥያቄ ካላችሁ ኮሜንት ላይ ጻፉልን። የመመረቂያ ፕሮጀክት ላይ ላለ ጓደኛችሁም ሼር አድርጉለት።