ሥር የሚያድርበት ዕቃ

ሜዳ ላይ የበቀለ ተክል ውሃ ሲያጥረው ሥሩን ወደ ታች ይሰዳል፤ ሲበዛበት ደግሞ ምድሪቱ ትመጥጥለታለች። በረንዳ ላይ ያለው ይህ ዕድል የለውም። መሬቱ የተሰጠው ዕቃ ብቻ ነው። ስለዚህ ማሰሮውን ወይም ባልዲውን ለቤቱ ጌጥነት ብቻ ከመረጥነው ተክሉን ገና ሳይበቅል በድለነዋል ማለት ነው። ከመልኩ በፊት ውሃ አያያዙንና አለቃቀቁን ማየት ይገባል።

አዲስ አበባ ላይ ነገሩ ይከብዳል። አብዛኛው የከተማዋ ክፍል ከባሕር ወለል በላይ ከ2,200 ሜትር ይበልጣል፤ ቀን ፀሐዩ ይለበልባል፣ የኅዳርና የታኅሣሥ ሌሊት ያንዘፈዝፋል። በሐምሌና በነሐሴ ዝናቡ ሲወርድ ይውላል፤ ከመስቀል ወዲያ ግን ለወራት ጠብ የሚል ነገር ላይኖር ይችላል። እዚህ ያለ ዕቃ በክረምት አፍሳሽ፣ በበጋ ቆጣቢ መሆን አለበት። ከ1990ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ በየሰፈሩ በተሠሩት ኮንዶሚኒየሞች በረንዳ ላይ ጤና አዳሙ፣ በሶብላውና የጥብስ ቅጠሉ ተደርድሮ አንዱ ሲለመልም ጎረቤቱ ቢጫ የሚሆነው ብዙ ጊዜ ከዚሁ የተነሳ ነው።

ከሥሩ ያልተቀደደ ዕቃ ለተክል አይሆንም፤ በዚህ ላይ ክርክር የለም። ክርክሩ ያለው ጠጠሩ ላይ ነው። ብዙ ሰው ውሃውን ያወርድልኛል ብሎ ከአፈሩ በታች ጠጠር ይደለድላል። ልማዱ የቆየ ነው፤ ውጤቱ ግን የታሰበው ተቃራኒ ነው። ደቃቅ አፈር ውሃን ስቦ ይይዛል፤ ጠጠሩ ጋ ሲደርስም ራሱ እስኪጠግብ ድረስ አሳልፎ አይሰጥም። ስለዚህ ጭቃው ከዕቃው ወለል ተነስቶ ጠጠሩ ላይ ይቀመጣል፤ ለሥሩ የሚተርፈው ደረቅ ቦታ ያንሳል። ነገሩን በዓይን ለማየት ስፖንጅ ውሃ ውስጥ ነክራችሁ በአግድም ያዙት። መንጠባጠቡን ሲያቆም በቁመቱ አቁሙት፤ እንደገና ይንጠባጠባል። ዕቃም እንዲሁ ነው፤ ጥልቅ ሲሆን ላይኛው አፈር ይተነፍሳል፣ ዝርግ ሲሆን ግን አብዛኛው አፈር ረግረግ ሆኖ ይቀራል። ጠጠሩን ትታችሁ ቀዳዳው ላይ የተሰበረ ሸክላ ወይም ቁራጭ መረብ ብቻ አድርጉ። ዕቃውንም በድንጋይ ወይም በጡብ ላይ ከፍ አድርጋችሁ አስቀምጡት፤ ቀዳዳው ከሲሚንቶው ጋር ከተጣበቀ መቀደዱ ምንም አልጠቀመም።

ለእኔ ከሁሉም የሚበልጠው ሸክላ ነው። በቀጨኔና በሌሎችም ቦታዎች እናቶች በእጃቸው አበጅተው ክፍት እሳት ላይ የሚተኩሱት ሸክላ ሰውነቱ ረቂቅ ቀዳዳ የሞላበት ነው። ውሃ በግድግዳው ይሰርግና ውጭ ላይ ይተናል፤ ሲተን ሙቀት ይወስዳል። እንስራ ውሃን የሚያቀዘቅዘው በዚሁ ነው፤ ሥሩም በቀትር ፀሐይ አይቀቀልም። ውጩ ላይ የሚወጣው ነጭ ነገር ውሃው ትቶት የሄደ ጨው ነው፤ በብሩሽ ይነሳል። ውሃ ሥሩ ላይ መተኛቱን የማይወዱት የጥብስ ቅጠል፣ ሬትና ጤና አዳም ሸክላ ውስጥ ይደላቸዋል። ለተክል የሚገዛው ግን ያልተሟሸ ሸክላ ነው። ለወጥ ወይም ለቡና የተሟሸው ቀዳዳዎቹ በቅባት ስለተደፈኑ እንደልቡ አይተነፍስም።

ሲገዛ በጣት መታ መታ አድርጉት፤ ጥርት ያለ ድምፅ ካልሰጠ ስንጥቅ ሊኖርበት ይችላል። ከሥር የሚያስፈልገውን ቀዳዳ ሸክላ ሠሪዋ ከመተኮሷ በፊት እንድትበሳው ቀድሞ መንገር ይሻላል። የግድ በኋላ ከሆነ ሌሊቱን ውሃ ውስጥ አሳድሮ በሚስማር ጫፍ ቀስ እያሉ ማዞር እንጂ በመዶሻ መምታት አያዋጣም። ሆዱ ሰፊ፣ አንገቱ ጠባብ የሆነውንም ለተክል አትምረጡ። መልኩ ያምራል፤ ተክሉን ወደ ሌላ ዕቃ ለማዛወር ጊዜው ሲደርስ ግን ወይ ማሰሮው ይሰበራል ወይ ሥሩ ይቆረጣል።

ሸክላ በበጋ ቶሎ ይደርቃል። ቀኑን ሙሉ ከቤት ለሚርቅ ሰው፣ ውሃ ለሚወዱት ለቆስጣና ለጠጅ ሳር፣ ፕላስቲክ ይሻላል። ከፕላስቲክም ቢጫውን ባለ 20 ሊትር የዘይት ጀሪካን የሚያህል የለም። ቁሞ አናቱ ሲቆረጥ ለቲማቲም የሚበቃ ጥልቀት ይሰጣል፤ በጎኑ ተኝቶ አንዱ ገጽ ሲነሳ ደግሞ 20 ሴንቲ ሜትር ገደማ የሚጠልቅ የሰላጣና የቆስጣ ገንዳ ይሆናል። ፕላስቲክ በፀሐይ ብዛት እየደረቀ መሰንጠቁ አይቀርም፤ ጥቁር ከሆነም ሙቀቱን ይስባልና ውጩን ነጭ ቀለም መቀባት ይረዳል። ፀረ ተባይ ወይም ሌላ ኬሚካል የነበረበት ዕቃ ቢታጠብም ለሚበላ ነገር አይሁን። የቀለም ባልዲና የመኪና ጎማም ለአበባ እንጂ ለሰላጣ አልመክርም።

የወተት ጣሳ ይዝጋል፣ ይግላል፤ ለችግኝ ማፍያ ይበቃል። የባሕር ዛፍ ሳጥን ቶሎ ይበሰብሳል፤ ከጥድ የተሠራው ይቆያል፣ ዋጋው ግን ይከብዳል። ማዳበሪያ ጆንያ አፉ ወደ ውጭ ተጠቅልሎ ድንች ሲተከልበት ደህና ነው፤ ድንቹ ባደገ ቁጥር ጥቅልሉን እየፈቱ አፈር ይጨምሩለታል። እሱም ፀሐይ ስለሚበላው ለዓመታት አይቆጠርም።

መጠኑን በተመለከተ ሰላጣ በ15 ሴንቲ ሜትር ጥልቀት ይኖራል፤ ካሮት 30 ይፈልጋል። ለአንድ የቃሪያ እግር 10 ሊትር፣ ለቲማቲም 20 ሊትር መነሻ ነው። ሎሚ የሚያምረው ሰው ከ40 ሊትር በላይ ያስብ። ጥርጣሬ ካለ ትልቁን መምረጥ ነው፤ ብዙ አፈር ውሃ የጠፋበትን ቀን ያሻግራል። ቦሌና አቃቂ አካባቢ የሚገኘውን ጥቁር መረሬ ብቻውን አትሙሉበት፤ ሲርስ ያብጣል፣ ሲደርቅ ከዕቃው ግድግዳ ይላቀቅና ውሃው በጎን ሾልኮ ይወርዳል። ቀይ አፈር፣ የበሰለ ኮምፖስትና አሸዋ ተቀላቅሎ ይሻላል። ክብደቱንም አትርሱ፤ ውሃ የጠገበ 20 ሊትር አፈር ከ30 ኪሎ ያልፋል። ከባዱ ዕቃ በግድግዳው ጥግ እንጂ በበረንዳው ጫፍ አይደረደርም፤ ከሥር ልጆች ይጫወታሉ፤ መከለያው ላይ የተቀመጠ ትንሽ ጣሳም ቢሆን በንፋስ ይወድቃል።

ለበጋው ደግሞ አንድ የቆየ ብልሃት አለ። ከ2,000 ዓመት በፊት ፋን ሼንግዢ የተባለ ቻይናዊ ስለ እርሻ በጻፈው መጽሐፍ ውስጥ ተገልጿል። ያልተሟሸ፣ ከሥሩም ያልተቀደደ ትንሽ የሸክላ ማሰሮ በትልቁ ዕቃ መሀል እስከ አንገቱ ይቀበርና ውሃ ይሞላል፤ ተክሉ በዙሪያው ይተከላል። ዙሪያው ሲደርቅ አፈሩ ከሸክላው ውሃ ይስባል፣ ሲርስ መሳቡን ይቀንሳል። ቃሪያና ቲማቲም ይስማማቸዋል፤ ሎሚና ሌላ እንጨት የሚያወጣ ተክል ግን ሥሩ እየወፈረ ማሰሮውን ሊሰብረው ይችላል። አፉ ሁልጊዜ በክዳን ይገጠም። ክዳኑ ትነቱን ይቀንሳል፣ ትንኝንም ያግዳል፤ እንደ ድሬዳዋ ባሉ ሞቃት ከተሞች የደንጊ ትኩሳትን የምታስተላልፈው ትንኝ የምትራባው በየዕቃው በተጠራቀመ ውሃ ውስጥ ነው። ከዕቃው ሥር የሚደረገው ሳህንም በዚሁ ምክንያት ውሃ ይዞ አይደር።